ቦርናን የሚያጠና ከየት ይጀምር?

የሺናሻን ቋንቋ፣ ቦርናን፣ ለማጥናት መተከል ውስጥ ወዳለችው ቡለን የሚመጡ ተማሪዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ መጻሕፍት ነው። መጻሕፍት አሉ። ግሮታኔሊ እ.ኤ.አ. በ1941 በዓባይ ዙሪያ ስለሚኖሩ ሺናሾች ከቃላት ዝርዝር ጋር ጻፈ፤ ፕላዚኮቭስኪ-ብራውነር በ1950 የሰዋስው ንድፍ አወጣች፤ ሮትላንድ በ1990፣ ላምበርቲ በ1993 ተከተሉ። ጣሊያንኛና ጀርመንኛ የማያነብ ከእነዚህ የብዙዎቹ በር ይዘጋበታል።

እኔ ግን መደርደሪያው ጠባብ ነው ብዬ አላምንም። ቦርና ከከፋ፣ ከሸካና ከአንፊሎ ቋንቋዎች ጋር የጎንጋ ቤተሰብ ነው፤ ዘመዶቹ ከዓባይ ማዶ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ናቸው። ስለዚህ ራይኒሽ በ1888 ስለ ከፋ ቋንቋ ያሳተመው፣ ቼሩሊ በ1951 በዚያው ላይ የጻፈው፣ ሌስላው በ1959 ያወጣው የሞቻ (የሸካ) መዝገበ ቃላት ለቡለን ተማሪም መጻሕፍት ናቸው። እዚህ ግራ የሚያጋባ የግስ መድረሻ እዚያ ወንድሙ ሊገኝ ይችላል።

የሚጎድለን ንግግር ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር የተቀዳ። አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገርን ሽማግሌ «ይህን በቦርና እንዴት ትሉታላችሁ?» ብለው ቢጠይቁት፣ እንግዳን ማስቸገር ስለማይወድ የጠያቂውን ዓረፍተ ነገር ቅርጽ ተከትሎ ይመልሳል። ደብተሩ ይሞላል፤ የተገኘው ግን ቦርና ለብሶ የመጣ አማርኛ ነው። እኔ መጠይቁን አጥፌ በሺናሾች የጋሪ ዎሮ በዓል ሰዉ ሲመራረቅ፣ እናቶች ልጅ ሲቆጡ፣ ጎረቤቶች ስለ እርሻ ሲከራከሩ በፈቃዳቸው እቀዳለሁ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ፣ ቅጂውን አብረን እየሰማን ይመጣል። የአናባቢ መርዘምና የድምፅ ከፍታም በጆሮ እንጂ በድሮ የቃላት ዝርዝር አይያዝም።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው ግድያና መፈናቀል ቡለንንም አድምቷል። ያን ያየ ሰው የቀዳውን በአንድ ኮምፒውተር ብቻ አያስቀምጥም። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሰጥ፤ ሌላው ቡለን ይቅር፤ ሦስተኛው የተናጋሪው ቤተሰብ እጅ ይግባ፣ በስልካቸው ሊከፍቱት በሚችሉት ዓይነት። የተናጋሪውን ስም መጻፍም ሆነ መተው በራሱ ፈቃድ ይሁን፤ ይህን ከመቅዳት በፊት ይጠይቁት።