ምስክር የሌለው ፉከራ

ስለ ሂፕ ሆፕ በወጣቶች ኅብረታችን ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ለአማኝ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» በሚለው ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ጥያቄው ግን ዘግይቷል። ሂፕ ሆፕ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቷል። በወረታ መናኸሪያ አካባቢ ከሚመላለሰው ባጃጅ የሚሰማው ምት፣ ወጣቱ ፀጉር ቤት ገብቶ በስልኩ እያሳየ «እንዲህ አድርገህ ቁረጠኝ» የሚለው ቁርጥ፣ በሠርግ ዘፈን መካከል በፍጥነት የሚወርደው ግጥም፣ አንዳንዴም በኮንፈረንስ መድረካችን ከመዝሙሩ አዝማች በፊት የሚገባው ምት የጠበቀ ንግግር፣ ሁሉም የዚህ ጥበብ አሻራ አለባቸው። ስለዚህ ዛሬ የሚጠቅመን ጥያቄ «ከዚህ ጥበብ የወሰድነው ምኑን ነው?» የሚለው ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ በተባለው ክፍለ ከተማ፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሸክላ አጫወተ። ዕለቱ እስከ ዛሬ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ ይታሰባል። ኸርክ ጨፋሪዎቹ የሚጓጉት ከበሮው ብቻውን ለሚቀርበት አጭር ቦታ መሆኑን አስተውሎ፣ አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ያን ቦታ አስረዘመው። በዚያ ምት ላይ የሚነገረው ግጥም ራፕ ሆነ። ሰፈሩ ሥራ የጠፋበት፣ ቤቶች እየተቃጠሉ የሚወድሙበት ነበር፤ መሣሪያ መግዣ ያልነበረው ወጣት የሸክላ ማጫወቻውን መሣሪያ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1986 ራን ዲ.ኤም.ሲ. የተባለው ቡድን ስለ አዲዳስ ጫማው ዘፈነ፤ ኩባንያውም ውል ፈረመለት። የሰፈር ልብስ የዓለም ልብስ ወደ መሆን ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኬንድሪክ ላማር የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ለሆነ ሥራ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

ወደ እኛም የመጣው በአንድ በር ብቻ አይደለም። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው ዜማ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው፤ የእኛው ድምፅ በራፕ ተሳፍሮ ተመለሰ ማለት ነው። በአገር ቤት ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕዶ «ጉራጌ ቶን» አለው፤ ልጅ ሚካኤልም አማርኛን በዚህ ስልት አስለመደ። ዛሬ ወጣቱ ይህን ሲሰማ «የፈረንጅ ነገር» አይለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ራፕ ድሮም የእኛ ነው» ይላሉ። አዝማሪው «ተቀበል!» ሲባል ግጥሙን ወዲያው ያወርዳል፤ ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ? አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቅርጹ ይመሳሰላል። የቀረው ግማሽ ግን ዋናው ነው።

በጎንደር ምድር ፎካሪ ሲነሣ የፈረሱን ስም ይጠራ ነበር። ከወረታ ወደ ምሥራቅ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችውን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ስሙ ከፈረሱ ጋር፣ ፈረሱም ከውጊያው ጋር የተያያዘ ነበር። ከሁሉ በላይ ፉከራው የሚሰማው አብሮ በዋለ ሰው ፊት ነው። ያልሠራውን የሚናገር ቢኖር «የት? መቼ?» የሚለው ሰው እዚያው ተቀምጧል። ይህን ስል ፉከራ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚመካበት የሰው ደም ነበር፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ያለን ወጣቶች የዚህን ዋጋ እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ፉከራ ምስክር ይፈልግ ነበር።

አሁን በስልካችን የምንሰማው ትምክህት ግን ምስክሩን ጥሎ የመጣ ነው። የመድረኩ ስም ከየትኛው ሥራ እንደተገኘ አይጠየቅም። መኪናው ለቀረጻ ተከራይቶ፣ ገንዘቡም ተቆጥሮ ሊመለስ ይችላል። የራፕ ትልቁ ተጽዕኖ በልብስና በፀጉር ላይ የሚታየው አይመስለኝም። ሳይሠሩ መመካትን የተለመደ ነገር ማድረጉ ይበልጣል። ሐዘኑም ይህ አመል ወደ መዝሙራችን መዝለቁ ነው። «ጠላቴን ረገጥኩ፣ ተራራውን ናድኩ፣ ከፍ ከፍ አልኩ» የሚል የራፕ መዝሙር ስንሰማ «የትኛው ተራራ?» ብለን አንጠይቅም። በእሑድ ፕሮግራም ምስክርነት የሚሰጥ ሰው የሚናገረው ኑሮውን በሚያውቁ ቅዱሳን ፊት ነው፤ ዘማሪው ግን ከዚህ ፈተና ነጻ የወጣ ይመስላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ፉከራን ያውቀዋል። ጎልያድ ጠዋትና ማታ እየወጣ አርባ ቀን ፎክሯል። ዳዊትም በሳኦል ፊት ሲቆም ስለ አንበሳውና ስለ ድቡ ተናገረ፤ የተናገረው የሠራውን ነው፤ ክብሩንም ያዳነው ለጌታ ሰጠ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 የሚገኘው የጳውሎስ ትምክህት ነው። ተቀናቃኞቹ ሲመኩ እርሱም የፎካሪውን ቅርጽ ተቀበለ፤ ይቆጥራል፣ ይደረድራል፣ ቁጥር ይጠራል። የሚቆጥረው ግን የተገረፈበትን፣ መርከቡ የተሰበረበትን፣ የተራበበትን ነው። መደምደሚያው ላይ ድል ስንጠብቅ፣ ከደማስቆ ቅጥር በመስኮት በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሲያመልጥ እናየዋለን። ፎካሪ የሚደብቀውን ሽሽት እርሱ በአደባባይ ተናገረው።

በዘመናችን ወደዚህ የተጠጋ ራፐር አለ። ሌክሬ የተባለው አሜሪካዊ አማኝ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው አልበም በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። በዚያው አልበም ውስጥ ግን ስለ አንድ ቀድሞ ስለሠራው ኃጢአት፣ ፍቅረኛው ፅንስ እንድታቋርጥ ስለማድረጉ ይናገራል። ብዙ ሰው ያደመጠው ስለ ምቱ ይሆናል፤ ክብደቱ ያለው ግን በዚህ ኑዛዜ ላይ ነው። እርሱን ስንኮርጅ ምቱንና ባርኔጣውን ወስደን ይህን መተዋችን ኪሳራ ነው።

«ታዲያ የውጭ ነገር ይቅርብን» የሚል ካለ የፎገራን ሩዝ ይመልከት። ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአካባቢው ቀበሌ ከጅግና ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ሌላውን እህል ሲያስቸግር ይህን ተቀበለው። ዛሬ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባውን የፎገራ ከብት ይበላዋል። ገበሬው ዘሩን እንግዳ ስለሆነ አልጣለውም፤ እንግዳ ስለሆነም አላመለከው። ውሃው ውስጥ አስገብቶ፣ አርሞ፣ ፍሬውን አይቶ ፈረደ።

እኛም እንዲሁ ብናደርግ መልካም ነው። በሚቀጥለው የወጣቶች ፕሮግራም ራፕ ሊያቀርብ የተነሣ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ምቱን በደንብ ይለማመድ፤ ቃላቱንም ያጥራ። ከዚያ ግን ጽሑፉን ከፊት ወንበር ለሚቀመጡት፣ ለእናቱ፣ ለጎረቤቱ፣ አብሮት አረም ላይ ለዋለው ጓደኛው ቀድሞ ያንብብላቸው። ተሳፍሮ ስለማያውቀው መኪና ከሚነግረን ይልቅ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ሲያርም ስለ ጸለየው ጸሎት፣ መልስ ስላጣበትም ዓመት ይንገረን። እነርሱ «አዎ፣ እውነት ነው» ካሉ መድረክ ላይ ይውጣ።