ትራምፔትና ጣውንቷ

ስለ ፍሉገልሆርን በተጻፈ ቁጥር የማትቀር አንዲት ቃል አለች፤ «ለስላሳ»። በሸክላው ሽፋን ጀርባ ትገኛለች፤ ከሬዲዮ አስተዋዋቂውም አፍ አትጠፋም። በዚህ አነጋገር ፍሉገልሆርን ማለት የትራምፔት ተጫዋች ሲደክመው፣ ወይም ቀስ ያለ የፍቅር ዜማ ሲመጣ፣ ብድግ የሚያደርጋት የማረፊያ መሣሪያ ናት። ይህች ቃል ብዙ ጥፋት አጥፍታለች ባይ ነኝ። አንድን መሣሪያ ማረፊያዬ ናት ብሎ የያዘ ሙዚቀኛ ከልምምድ ሰዓቱ ምን ያህሉን እንደሚሰጣት መገመት አያስቸግርም። ትርፍራፊውን ነው።

ለመሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በርዝመት አይደለም፤ የተለመዱት ሁለቱም ቢ ፍላት ናቸው፣ የሁለቱም ቧንቧ ቢዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሦስት ሦስት ቫልቭ አላቸው፣ የጣቱም አጣጣል አንድ ነው። ልዩነቱ ከቧንቧው ሆድ ነው። የትራምፔት ቧንቧ አብዛኛው እኩል ስፋት ይዞ ይሄድና ወደ አፉ ሲደርስ ይከፈታል። የፍሉገልሆርን ግን ከጠባብ ተነሥቶ እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄዳል። ማውዝፒሷም፣ ማለት ከንፈር የሚያርፍበት ጽዋ፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ጠልቆ የሚወርድ ነው። ስለዚህ የትራምፔት ከንፈር የለመደውን ያህል ግፊት አትመልስም፤ ድምፁ ትክክለኛ ቦታው ላይ «ቀጭ» ብሎ አይያዝም፤ ላይኛው ድምፅ ላይ ደግሞ ትሳሳለች። ጣት አንድ ዓይነት መሆኑ ሰውን ያታልላል። ክራር የሚመታ ሁሉ አውታሩን ስላወቀ ብቻ በገና ይደረድራል የሚል ማነው?

ብዙ መምህራን የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው። ጠዋት ከንፈርህ ትኩስ ሳለ ትራምፔትህን አጥና፤ ፍሉገልሆርንን መጨረሻ ላይ አንሣት፤ አለዚያ ከልቅ ወደ ጠባብ ስትመለስ ትራምፔቷ ትታነቅብሃለች። ለትራምፔት ይህ መልካም ምክር ነው። የጣውንቷን ወገን ግን የጠየቀ የለም። ዕለት ዕለት የሚደርሳት የዛለ ከንፈር ነው። ባለ ሁለት ጎጆ ሰው እንኳ ተራ ይጠብቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋቱ የእርሷ ቢሆን ምን ይጎዳል? ረዣዥም ድምፆችን እየያዘ፣ ሚዛኑን በጆሮው እያረመ፣ ያለ ምንም ዜማ ግማሽ ሰዓት ቢያሳልፍባት የትራምፔቱ ከንፈር አይሞትም። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማይልስ ዴቪስ በ1957 ከጊል ኢቫንስ ጋር «ማይልስ አሄድ»ን ሲቀዳ ሶሎውን በፍሉገልሆርን ነፋው። ውብ ሥራ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። ኢቫንስ ትልቁን ኦርኬስትራ የዘረጋው ሶሎው መካከለኛው ድምፅ ላይ ዘና ብሎ እንዲቀመጥ ነው። ማይልስ በዚህ ቤት የተሰናዳለት እንግዳ ነበር። በ1960 በወጣው «ስኬችስ ኦፍ ስፔን» እንደገና አነሣት እንጂ ኑሮው ከትራምፔቷ ጋር ነበር።

ክላርክ ቴሪ ሌላ ሰው ነው። ከ1951 እስከ 1959 ከዱክ ኤሊንግተን ጋር የተጫወተው ይህ የሴንት ሉዊስ ልጅ በ1958 ከቴሎኒየስ መንክ ጋር የቀዳውን «ኢን ኦርቢት»ን የሰማ «ለስላሳ» የምትለዋን ቃል ይረሳታል። ፍሉገልሆርኗ እዚያ ትፈጥናለች፣ ትቀልዳለች፣ ትሳደባለች ልበል? በመድረክ ደግሞ አንዷን በአንድ እጁ፣ ሌላዋን በሌላ እጁ ይዞ ከራሱ ጋር ይመላለስ ነበር። ታዳሚው ይስቃል። የሚያስቀው ነገር ውስጥ ግን ከባድ ሥራ አለ፤ ከንፈሩ በጥቂት ምት ውስጥ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ወጥቶ ገብቶ ሚዛኑን ሳይስት መገኘት አለበት። ይህ ለሁለቱም ሰዓት ሰጥቶ ካልሆነ በሌላ አይመጣም። (ኤሊንግተን በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ቴሪ ከባንዱ ከወጣ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። አለመታደል ነው።)

አርት ፋርመር ጭራሹን አልተካፈለም። በ1960 ከቤኒ ጎልሰን ጋር ባሳተመው «ሚት ዘ ጃዝቴት» የትራምፔት ሰው ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ትቷት ሙሉ ጊዜውን ለፍሉገልሆርን ሰጠ። በ1963 ከጊታሪስቱ ጂም ሆል ጋር የቀዳው «ኢንተርአክሽን» በእኔ ሚዛን በዚህ መሣሪያ ከተሠራው ሁሉ ይበልጣል። ዜማው ላይ የሚጣደፍ የለም፤ እያንዳንዱ ድምፅ አልቆ፣ ጫፉ ተቆርጦ ነው የሚቀመጠው። ጊታሩ ሲገባ ፋርመር ዝም የሚልበት መንገድ ራሱ ጨዋታ ነው። የከፈለው ዋጋም አለ። የትራምፔት ንክሻ፣ ያ ብረቱ ሲያበራ የሚሰማው ነገር፣ ከእጁ ወጣ። በ1968 ወደ ቪየና ተሻገረ፤ ኋላም ዴቪድ ሞኔት የተባለው የመሣሪያ ሠሪ ከሁለቱ መሐል የሆነች፣ ፍላምፔት የምትባል መሣሪያ ሠራለትና እስከ ሞተበት እስከ 1999 ድረስ ይዟት ዘለቀ። ሠላሳ ዓመት ያህል ለአንዷ ታምኖ የኖረ ሰው በስተርጅና የሁለቱን ልጅ መያዙን እኔ የምተረጉመው በናፍቆት ነው።

የፍሬዲ ሀባርድ ነገር ግን ያሳዝናል። በ1971 «ፈርስት ላይት» ላይ በሁለቱም መሣሪያ የነገሠ ሰው ነው። ኃይሉ ግን ከትራምፔቷ ጋር ነበር፤ ከፍ አድርጎ፣ አጠንክሮ፣ ከንፈሩን ሳያሳርፍ ይነፋ ነበር። በ1992 የላይኛው ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ አልፎም አመረቀዘ፤ እንደ ድሮው መንፋትም አልሆነለትም። በ2001 «ኒው ከለርስ» ሲወጣ የያዘው ፍሉገልሆርንን ነው። ማረፊያ የተባለችው መሣሪያ መጠጊያ ሆና ተገኘች ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቆሰለ ከንፈር በእርሷም ላይ አልተደበቀለትም። የድሮው አሳብ አልተነካም፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ጥንቱ ይጀመራል፤ መካከሉ ላይ ድምፁ ይሸሻል፣ ወጣቶቹ ነፊዎች በአክብሮት ከኋላው ሆነው ይሸፍኑለታል። እስከ መጨረሻው የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሀባርድን ስፈልግ የማነሣው የ1971ዱን ነው።