ሦስቱ ሣጥኖችና የፈላጊው ሐሳብ

ሰዎች በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ የሚጽፏቸውን ቃላት በብዛት ሰብስቦ የየፈላጊውን ሐሳብ በመኪና ማስለየት ከተጀመረ ቈይቷል። የአከፋፈሉ መሠረት አንድሬ ብሮደር በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ ነው። እርሱም ፍለጋን በሦስት ከፈለው፤ ወደሚታወቅ ገጽ ለመድረስ፥ ለማወቅ፥ አንድ ነገር ለመፈጸም፥ ይኸውም ለመግዛት ወይም ለማውረድ። በአልታቪስታ መዝገብ ከመረመራቸው ጥያቄዎች 48 በመቶው ለማወቅ የተጻፉ ኾነው አገኘ።

በ2008 እ.ኤ.አ. ጃንሰን፥ ቡዝና ስፒንክ ይኸንኑ ሥራ ለኮምፒዩተር ሰጥተው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ጥያቄዎች አስመደቡ። «ለማወቅ» የተባለው ክፍል ከ80 በመቶ በላይ ኾነ። ልዩነቱ ከየት መጣ? መፈለጊያዎቹም ዘመኑም አንድ አለመኾናቸው አይካድም። እኔን ያጠራጠረኝ ግን ከሕጎቻቸው አንዱ ነው፤ ወደ ሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ያልገባ ጥያቄ «ለማወቅ» ተብሎ ይቈጠራል። እንዲህ ከኾነ ሣጥኑ የዕውቀት ፈላጊዎች ብቻ ሳይኾን መኪናው ያልገባው ኹሉ የሚጣልበትም ነው። ደራሲዎቹ ሕጋቸውን በግልጽ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ባይጽፉት ይኸን ለመንቀፍ ባልቻልንም ነበር። በሰው እጅ ከተመደቡ 400 ጥያቄዎች ጋራ አስተያይተው መኪናው 74 በመቶ ያህል ልክ መኾኑንም አልሸሸጉም። በቀረው ሩብ ያህል የፈላጊው ሐሳብ የደበዘዘ ወይም ከአንድ በላይ ነው ይላሉ። ታዲያ ለደበዘዘው ስለምን አራተኛ ሣጥን አልተበጀለትም?

ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመጣ ይብሳል። «ገና» ብሎ የጻፈ ሰው በዓሉን ይኹን ጨዋታውን በምን ይታወቃል? ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «እስካሁን» ማለቱም ሊኾን ይችላል። «ሥራ»ና «ስራ» እንደ ልዩ ልዩ ቃላት መቈጠራቸውንስ ፊደሉን አስቀድሞ አንድ በማድረግ ማቃለል ይቻላል። የሚከብደው ሌላ ነው። ከእነዚያ ሕጎች አንዱ ከሦስት ቃል ያነሰን ጥያቄ ወደሚታወቅ ገጽ ለመድረስ የተጻፈ ለመኾኑ እንደ ምልክት ይወስዳል። «ስላልተከፈለኝ ደመወዝ» ሁለት ቃል ነው። ይኸን የጻፈው ሠራተኛ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነግረው እንጂ የአንድ ድርጅት ገጽ አይሻም። ሕጉን ሳይመረምር የተረጐመ ተማሪ ይኸን ሰው ያለ ቦታው ያስቀምጠዋል።

ዛሬ ሥራው የሚሰጣቸው የቋንቋ ሞዴሎችም ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ከተባሉ አንዱን ይመርጣሉ። በበኩሌ ከዝርዝሩ ጥቂት መቶ ጥያቄዎች አስቀድመው በሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲመደቡ፥ ሁለቱ ያልተስማሙበትም በየትኛውም ሣጥን ሳይገባ ለብቻው እንዲቈጠር አሳስባለሁ።