ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ

ሳጃና በዐረብኛ «የወኅኒ ጠባቂዎች» ማለት ነው፤ የካርቱም ሰው ግን ሰፈሩን የሚያውቀው በሕንፃ ዕቃ ገበያው ነው። በዚያና በአጎራባቹ ዴም ያደጉ የሐበሻ ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ዐረብኛ ይናገሩ ስለነበር «ሁለት ቋንቋ ያውቃሉ» እየተባሉ ይወደሱ ነበር። ውዳሴው የሚሸፍነው ጉድለት አለ። ሁለት ቋንቋ መናገርና በሁለት ቋንቋ መማር አንድ አይደሉም። በሐኪም ቤት ለእናቱ የሚያስተረጉም የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእናቱን ቋንቋ ማንበብ ካልቻለ፣ ያለው አንድ ተኩል ቋንቋ ነው።

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው የዕረፍት ቀን የፊደል ትምህርትም ነቀፌታ አያጣውም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ «ድምፃቸው አንድ ነው፣ ዝም ብለህ አጥና» ይባላል። የሳጃና ልጅ ግን መልሱን በጆሮው ይዞ ነው የሚመጣው። ሕልም በዐረብኛ «ሑልም»፣ እኅት «ኡኽት» ነው፤ የአማርኛ አፍ ያጣውን ልዩነት ዐረብኛ እስከ ዛሬ ይናገረዋል። የዐይን ዐም እንዲሁ። ምሥራቅ «መሽሪቅ» ሲሆን ሰማይ ግን «ሰማእ» መሆኑን የሰማ ልጅ፣ ንጉሡ ሠ የት እንደሚገባ ከብዙ አዋቂ ጸሐፊ ቀድሞ ይገባዋል። ዘዴው ለሁሉም ቃል አይሠራም፤ ዐረብኛ ዘመድ የሌለው የአማርኛ ቃል ሞልቷል። ቢሆንም አንዱን ቋንቋ ለማስተማር ሌላውን ከደጅ ማቆም ምን ያህል ብክነት እንደሆነ ለማሳየት ይበቃል።

ወላጆች ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል ብለው መፍራታቸው አዲስ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲጀመር መከረ፤ ተመራማሪው ጂም ከሚንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ ቋንቋ የተገኘ የንባብ ችሎታ ወደ ሌላው እንደሚሻገር አስረዳ። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ የለመደ ልጅ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚለወጥበት አቅጣጫው እንጂ ማንበቡ አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ጉዳዩ የቅንጦት መሆኑ ቀረ። ብዙ ቤተሰብ በመተማ በኩል ገባ። የአማራ ክልል ትምህርት ቤት በአማርኛ ያስተምራል፤ ፊደል ያልቆጠረ የሳጃና ልጅ እዚያ ሲገባ በንግግሩ ከእኩዮቹ አይለይም፣ ሰሌዳው ፊት ግን ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። በዐረብኛ ማንበቡን የሚጠይቀው ከሌለ ያው ችሎታ በዓመት በሁለት ዓመት ይደበዝዛል፤ እንዲህ በሳጃና የጎደለው አማርኛ ሲሞላ በመተማ ዐረብኛው ይጎድላል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «እኅት» ብሎ ጽፎ፣ ከካርቱም የመጣውን ልጅ «ካርቱም ምን ትሏት ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ለክፍሉ ሁሉ የኅን ድምፅ የሚያሰማ እርሱ ብቻ ነው።