ግንቡ ታየ፤ እጁስ?

ጎንደርን በእግሩ ያልረገጠ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የፋሲልን ግንብ መልክ የማያውቅ ግን ጥቂት ነው። በፖስታ ካርድ፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ በሆቴል አዳራሽ፣ በቀድሞው የ50 ብር ኖት ጀርባ ሳይቀር አይተነዋል። ዛሬ ደግሞ ካሜራ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ስለገባ፣ ግንቡ በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ፎቶግራፍ ቀድሞ በዓመት ይነሣ ከነበረው ሳይበልጥ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ስለ ብዛቱ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ፎቶግራፍ ውስጥ ድንጋዩን የሚያሳየን ስንቱ ነው?

የተለመደውን ፎቶግራፍ እናስታውስ። አንሺው ከፊት ለፊት ይቆማል፤ አራቱ የማዕዘን ማማዎች ከነጉልላታቸው በምስሉ ውስጥ እንዲገቡ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ እንዲሆን ይጠብቃል። ሰው ካለም ጀርባውን ለግንቡ የሰጠ ሙሽራ ወይም እንግዳ ነው። በቴአትር ሙያ ያለፈ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ያውቀዋል። በመድረክ ጀርባ የሚሰቀል፣ ግንብ የተሣለበት መጋረጃ ማለት ነው። መጋረጃው ተመልካቹ የት እንዳለ ይነግረዋል እንጂ በራሱ ድርጊት የለውም። የፎቶግራፍ ባለሙያዎቻችንም ለረጅም ጊዜ ጎንደርን መጋረጃ አድርገውታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግድግዳው ግን መጋረጃ አይደለም፤ ሥራ ነው። ወደ ግንቡ ሁለት እርምጃ ቢጠጉ፣ ከሩቅ አንድ ወጥ የሚመስለው ገጽ በሺህ የሚቆጠሩ ውሳኔዎች ድምር ሆኖ ይገኛል። ግንበኛ ድንጋይን ከማስቀመጡ በፊት ያገላብጠዋል፤ ፊቱን ይፈልጋል፤ ለትልቁ ትንሹን መደገፊያ ይመርጣል፤ ክፍተቱን በጠጠርና በኖራ ይሞላል። ጥቁሩ ድንጋይ ለመሮ የማይበገር በመሆኑ በብዛት ሳይስተካከል ገብቷል። በሮችንና መስኮቶችን የሚከብበው ግን ቀላ ያለ፣ ለመጥረብ የሚገራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍራሽ ላይ መስቀሎችና ልዩ ልዩ ምስሎች ተቀርጸው የሚታዩት በዚሁ በቀዩ ድንጋይ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት የሚያስፈልገው ውድ ሌንስ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ፀሐይ በቀትር ከአናት ስትወርድ የመሮው ዱካ ይጠፋል፤ ጠዋትና ማታ ከጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ምት የራሱን ትንሽ ጥላ ይዞ ይወጣል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ቁስቋምን ያነሣሁት በቀትር ነበር። ከዚያ ቀን የቀረልኝ የአንድ ግራጫ ግድግዳ ምስል ብቻ ነው።

የመሮው ዱካ ለምን አስፈለገ? የባለቤቱ ፊርማ እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ግንቦቿ የሚጠሩት ባሠሯቸው ነገሥታት ስም ነው፤ የፋሲል፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የምንትዋብ እያልን። የሠሩት ግን የት አሉ? በኖራ መገንባት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጡ ባለሙያዎች እንደተስፋፋ ይነገራል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ደግሞ ከጎንደር ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ርስት የመያዝ መብት ስለተነፈጋቸው በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንባታ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል በአፋችን የምስጋና ቃል ሆኖ አልኖረም። በግንቡ የምንኮራ ሕዝብ በእጁ ስናፍር ኖረናል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የመንደሯ ቤተ እስራኤላውያን፣ በተለይ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በአየር በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ዘመን፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። መንገደኛ ዛሬ ቆሞ የሚገዛው ትናንሽ የሸክላ ቅርጾችን ነው። እጁ ከአገር ሲወጣ ሥራው እዚሁ ቀረ። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ የአንድን መስኮት ጉበን ቀርቦ ቢያነሣ፣ ስሙ በየትኛውም ዜና መዋዕል ያልተጻፈለትን ሰው ከምስክር ፊት አቀረበው ማለት ነው።

«ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ እንጂ የንብረት መዝገብ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት አለው። እያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር ሰጥቶ ማንሣት የመሐንዲስ ሥራ ነው። ነገር ግን ውበቱ ከእውነቱ የሚለይ አይመስለኝም። በፋሲል መዋኛ አጥር ላይ የዛፎቹ ሥሮች ካቡን እንደ ጣት ጨብጠው የሚታዩበትን ስፍራ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ሥሩ ግድግዳውን ይደግፈዋል ወይስ ያፈርሰዋል? በዚህ ጥያቄ ላይ ቆሞ የተነሣ ምስል ድራማ አለው፤ ሁለት ተፋላሚዎች አሉትና። ለጌጥ ብቻ የተነሣው ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላ ምክንያትም አለ። ድንጋይ አይለወጥም የምንለው በልማድ ነው። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ እስከወጣችበት ጊዜ ድረስ በተካሄደው ውጊያ ግንቦቹ በእንግሊዝ አይሮፕላኖች ቦምብ ተጎድተዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባ፤ በኋላም ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበው ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በቅርቡም በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሰፊ እድሳት ተካሂዶበታል። ጥገና ያስፈልጋል፤ ያልተጠገነ ይፈርሳልና። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት የሚያስችለን ከዚያ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ከ40 ዓመት በፊት አንድ ቤተሰብ በበዓል ቀን በግንቡ በር ቆሞ የተነሣው ምስል ዛሬ ከፊቶቹ ይልቅ በጀርባው ስላለው ግድግዳ ሊመሰክር ይችላል። ቀኑና ስፍራው በጀርባው ካልተጻፈበት ግን ምስክርነቱ ግማሽ ነው።

ከከተማው ወጥተን ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ ጉድለታችን ይበልጥ ይገለጣል። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ በሆነው በዚህ ስፍራ ካሜራው የሚያውቀው ገደሉን፣ ጭላዳውንና ዋልያውን ነው። እነዚያ ገደሎች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ናቸው፤ የጎንደር ግንብ ጥቁር ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ዘመዳቸው ነው። በገደሉና በግንቡ መካከል ግን ሌላ የድንጋይ ዓለም አለ። ገበሬው አፈሩን ለማቆየት ያለ ኖራ የካበው እርከን፣ የግቢው አጥር፣ ወፍጮና መጁ፣ በምድጃ ዙሪያ የጠቆሩት ሦስት ጉልቻዎች አሉ። እነዚህን የሠራ ንጉሥ ስለሌለ ያነሣቸውም የለም። እርከኑ ሲናድ፣ ወፍጮው በሞተር ሲተካ፣ ማንም ቅርስ ጠፋ ብሎ አይጮህም።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ካሜራ ቢለዋወጥም ዓይን ካልተለወጠ ፎቶግራፉ ያው ነው። ስለዚህ ለወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን የምለው አጭር ነው። ቅረቡ፤ ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል ጠብቁ፤ ቀኑንና ስፍራውን ጻፉ። ጎንደሬዎችም በየሣጥናችሁ ያለውን የአባቶቻችሁን ፎቶግራፍ አውጡና ከፊቶቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እዩ። የባህል ተቋሞቻችን እነዚህን ምስሎች ቅጂ ወስደው በአንድ ስፍራ ቢያሰባስቡ፣ ወደፊት ግንቡን ለሚጠግን ግንበኛ ከብዙ ንግግር የሚሻል መመሪያ በሰጡት ነበር። ያን ጊዜ ባለ እጁ፣ ስሙ ባይታወቅ እንኳ፣ ሥራው በወጉ ይታይለታል።