«ኦቨርክሎኪንግ»ን በአማርኛ ስለ መሰየም

ለ«ኦቨርክሎኪንግ» «ማፍጠን» የሚለውን አቻ መስጠት ጉድለት አለበት እንላለን። ፍጥነት ውጤት ነው፤ ቃሉ የሚሰይመው ግን ድርጊቱን፣ ይኸውም የፕሮሰሰርን ወይም የማኅደረ ትውስታን ትርታ ፋብሪካው ከመደበለት ወሰን ማሳለፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ እንመልከት። ማባዣው በ4.5 የተቆለፈ ስለ ነበረ ባለቤቶቹ የማዘርቦርዱን የመስመር ትርታ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ አደረጉ፤ ለ300 የተመደበው ፕሮሰሰርም በ450 ሠራ። ፋብሪካው ግን ለዚህ አልተዋሰም፤ ሙቀቱም ብልሽቱም የባለቤቱ ዕዳ ነው። «ማፍጠን» የሚል መመሪያ ይህን ለአንባቢው ሳይነግረው ይቀራል። «ከሰዓት በላይ ማስኬድ» የተባለው የቃል በቃል ትርጉምማ የትርፍ ሰዓት ሠራተኛን እንጂ ምን ያስታውሳል? እዚህ «ክሎክ» ሰዓት ነጋሪ ሳይሆን እንደ ልብ ትር ትር የሚል ምት ነው። ቢረዝምም «ትርታን ከወሰን ማሳለፍ» የሚለውን እንመርጣለን።