«ያልተመሳሰለ» የተባለው ስያሜ ሲመረመር

በኮምፒውተር ሙያ ላኪው የተቀባዩን መልስ ሳይጠብቅ ሥራውን የሚቀጥልበት የመልእክት ልውውጥ «ያልተመሳሰለ» ሲባል ይታያል። «ማመሳሰል» በሙያው ስለ ተለመደ አሉታዊው ቅርጽ በቀላሉ ተከትሎታል። ጉድለቱ የሚገለጠው ግን ቃሉ ወደ ሶፍትዌር ፍተሻ ሲገባ ነው።

በአምሳያ ላይ የተመሠረተ ፍተሻ ዋና ጥያቄው አንድ ነው፤ የተሠራው ሥርዓት አምሳያውን ይመስላል ወይስ አይመስልም? ስለዚህ «ያልተመሳሰለ ሥርዓት» የሚለውን ያነበበ ሰው ሥርዓቱ ገና ሳይፈተሽ የወደቀ ይመስለዋል። «አምሳያ»ም «ያልተመሳሰለ»ም ከ«መሰለ» ስለ ወጡ የሥርዓቱ ጠባይና የፈታሹ ፍርድ ተደባልቀዋል።

ነገሩን በአዲስ አበባ ከሚገኘው የልደታ ምድብ ችሎት መዝገብ ቤት ጋር እናነጻጽረው። ባለጉዳይ ማመልከቻውን አስገብቶ ይሄዳል፤ ኋላ የገባው ጉዳይ ቀድሞ ውሳኔ ቢያገኝ ይህ ብቻውን ስሕተት አይደለም። ፈታሹም የመልሶችን መቀዳደም ጉድለት ብሎ እንዳይመዘግብ አምሳያው በመካከል ያለውን ወረፋ ጭምር መግለጽ አለበት። ዝምታም ይመዘናል፤ ያን ትሬትማንስ በ1996 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ዝምታ ራሱ እንደ ውጤት ይቆጠራል፤ አምሳያው ባልፈቀደበት ቦታ ዝም ያለ ሥርዓት ይወድቃል።

ስለዚህ «የማይጠባበቅ ልውውጥ» የሚለው የተሻለ ይመስለናል። «ተጠባበቀ» የእርስ በርስ ድርጊትን ስለሚያመለክት ጽንሰ ሐሳቡን በትክክል ይይዛል። «ተጠባባቂ» ለምትክ ሹም መዋሉ ተቃውሞ ሊያስነሣ ቢችልም፣ ግሱ ከ«ልውውጥ» ጋር ሲቀናጅ አያሻማም። ተርጓሚዎች በጽሑፋቸው ይፈትኑት ዘንድ እናቀርባለን።